ተፈውሻለሁ ስላለችው እናቴ ለቪዛ ጤና መርማሪዎች የተጻፈ

ለተከበሩ የመግቢያ ፈቃድ ጤና መርማሪ መሥሪያ ቤት የበላይ ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ከነባለቤትዎ፣ ከነልጆችዎና ከነማህተምዎ እንደምን ሰነበቱ? ደም ግፊትዎ፣ ኩላሊትዎ፣ የዓይንዎ ብርሃን፣ የእግርዎ ጣቶች ሁሉም በየቦታቸው እንደሚገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። ይህን የምጠይቀው ለወግ ያህል አይደለም፤ በእናንተ ዘንድ ሰው እንኳን ደህና መጣህ የሚባለው ተመርምሮ ርካሽነቱ ከተረጋገጠ በኋላ መሆኑን ስለተማርኩ፣ በእናንተው ሥርዓት ሰላምታ ላቅርብ ብዬ ነው።

ፊልሞና ኡቻላ እባላለሁ፤ የጋምቤላ ከተማ ልጅ፣ የባጃጅ ሹፌር ነኝ። ትምህርቴን አሥረኛ ክፍል ላይ አቁሜአለሁ፤ ርዕሰ መምህሩ ግን ያቆመው እሱ እንደሆነ ይናገራል፤ ያለ ሰዓቱ ደወል ደውዬ ትምህርት ቤቱን በሙሉ ወደ ባሮ ለዋና ሰድጄ ነበርና። ስለዚህ የሆሄ ግድፈት ቢያገኙ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ለግድፈቱ ሕክምና መንግሥትዎ ሳንቲም እንደማያወጣ አረጋግጥልዎታለሁ። የአገርዎን ስም ያልጠራሁት ደግሞ ስለማፍርልዎ ነው።

ፋይልም ሰውም ብዙ ነውና ረስተውን ከሆነ ላስታውስዎ። አባቴ ኡቻላ በቤተ ክርስቲያን ሰዎች እርዳታ አገርዎ ከገባ ዓመታት ሆነውታል። ሠርቶ፣ ግብር ከፍሎ፣ ቤት ተከራይቶ ሲያበቃ ሚስቱን አቻንን፣ እኔንና የአሥራ ሁለት ዓመት እህቴን አጓን ልውሰድ ብሎ ጠየቀ። እናንተም መጀመሪያ ጤናቸው ይታይ አላችሁ። እኛም ደስ አለን፤ እኛ ዘንድ ሰው ጤናህ ይታይ ካለህ ሊያሳክምህ ነው። በዚህ ደስታ አውቶቡስ ተሳፍረን አዲስ አበባ ሄድን።

ቁጥር እንደምትወዱ ስለማውቅ ቅሬታዎቼን በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ እናቴን ውሸታም ስለማለታችሁ። እናቴ ስኳር በሽታ እንዳለባት ሠፈሩ በሙሉ ያውቃል። ይሁን እንጂ የዛሬ ሁለት ዓመት ፓስተር ጆን ጸልዮላት፣ መድረክ ላይ ወጥታ ተፈውሻለሁ ብላ መስክራለች፤ ጉባኤውም አሜን ብሎ ተቀብሏታል። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ከዚያ ወዲያ ሰው አሞኛል አይልም፤ ምስክርነቱን በገዛ ምላሱ መሻር ይሆንበታል። ኢንሱሊኗን ግን አላቆመችም፤ ስሙን «ቫይታሚን» ብላ ቀየረችው እንጂ። ጠዋት ጠዋት በእርጥብ አሸዋ ከተቀበረው ማሰሮ ይወጣላታል (መብራት ስለሚጠፋ ፍሪጅ የሚያምን ሃይማኖት ገና አልወረደልንም)፤ ትወጋለች፤ ጌታ ይመስገን ትላለች። ፓስተሩም ያውቃል፤ ከመድኃኒት ቤት ገዝቶ የሚያመጣላት እንኳ አንዳንዴ እሱ ነው። በዚህ ነገር ግራ የተጋባ ሰው በከተማችን የለም።

የእናንተው ሐኪም ስኳር አለብሽ ወይ ሲላት ሻሿን አስተካክላ፣ ነበረብኝ፣ ጌታ ፈውሶኛል አለችው። እሱም የለብኝም ብላለች ብሎ ጻፈ፤ ከዚያ ደሟን ቀዳ። ደሟ እንደ እሷ አማኝ ሆኖ አልተገኘም። እናንተም ሆን ብላ ሐሰተኛ መረጃ ሰጥታለች ብላችሁ ፈረዳችሁ። ክቡር ሆይ፣ በረዶ በተሞላ ፔርሙዝ ኢንሱሊኗን ይዛ ገብታ የሐኪሙ ጠረጴዛ ላይ፣ አፍንጫው ሥር ያስቀመጠች ሴት ምን ዓይነት ውሸታም ናት? እኔ በሙያው ስላለሁበት እነግርዎታለሁ፤ እንዲህ አይዋሽም። ሐኪሙ ፔርሙዙን ያነሳው፣ ወረቀቴን ያረጥብብኛል ብሎ ወደ ጎን ለማድረግ ብቻ ነው።

ሁለተኛ፤ ስለ ዋጋዋ። እናቴ በሚመጡት ዓመታት የምታስወጣችሁን ወጪ ተንትናችሁ ስለላካችሁልን ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው። መድኃኒቷን፣ የዓይን ሐኪሟን፣ ይደክም ይሆናል ያላችሁትን ኩላሊቷን፣ ይቆረጥ ይሆናል ያላችሁትን እግሯን ሳይቀር ደምራችኋል። እግሩ ለጊዜው ከእኛ ጋር ነው፤ ትናንት ገበያ ሄዶ ዓሣ ይዞ ተመልሷል። እናቴ ድምሩን ሳነብላት የደነገጠች እንዳይመስልዎ፤ ደግመህ አንብበው አለችኝ፤ ቀጥላም ጎረቤታችንን ሺታዬን ጠርታ እንደገና አስነበበችኝ። ሺታዬ የደገኛ ሰፋሪ ልጅ ናት፤ ለአንዲት ሴት ይህን ያህል ገንዘብ ሲጠራ ሰምታ ስለማታውቅ፣ አቻንዬ ሊያገባሽ የፈለገው መንግሥት ነው እንዴ አለቻት። ተሳሳቁ። ሺታዬ ከሄደች በኋላ እናቴ ነጠላ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ታይ ጀመር፤ እስኪመሽ ድረስ አየችው። ገና ያልታመመን እግር በደብዳቤ መቁረጥ የቻለ ሐኪም በዓለም ላይ ከእናንተ በቀር ያለ አይመስለኝም፤ እንኳን ደስ አላችሁ።

ሦስተኛ፤ ስለ ምክራችሁ። አባቴ ጠበቃ ቢያማክር፣ ሚስቱ ማመልከቻው ውስጥ እስካለች ሁላችንም አብረን እንደምንወድቅ፣ ሚስት ከሌለችው ግን ልጆቹ እንደሚያልፉ ተነገረው። አባቴ በስልክ ይህን ሲነግረን ድምፁ የጉንፋን ነበር፤ ብርዱ ነው አለን። እናቴ ብዙ አላሰበችም። ምን አለበት፣ ልጆቹ ይሂዱ ብላ በማግስቱ ከእኔ ጋር ፍርድ ቤት ቀረበች።

ዳኛው ጥሩ ሰው ናቸው። ይመታሻል ወይ አሏት፤ ኧረ በጭራሽ አለች። ሌላ ሴት ይዞብሻል ወይ ቢሏት፣ በስልክ የሚታየው ፊቱ ብቻ ነው አለች። ገንዘብ ይከለክልሻል ወይ፤ የለም፣ በየወሩ ይልካል። ዳኛው መነጽራቸውን አወለቁ።

«ታዲያ ለምንድን ነው የምትፈቺው፣ እናቴ?»

«ስኳር አለብኝ፣ ክቡር ዳኛ።»

ከመድረኩ ምስክርነት ወዲህ ይህ ቃል ከአፏ ሲወጣ የሰማሁት ያን ቀን ነው። ፓስተር ጆን ያላስለወጣትን፣ ሠፈር ያላስለወጣትን ቃል እናንተ ባሕር ማዶ ተቀምጣችሁ አስለወጣችኋት። ከፍርድ ቤት ስንወጣ ባጃጄ ውስጥ ከኋላ ተቀምጣ ወደ ቤት ሳይሆን ወደ ቤተ ክርስቲያን ውሰደኝ አለችኝ፤ ደጁ ላይ ስንደርስ ግን ተወው፣ ምን ብዬ እገባለሁ ብላ መለሰችኝ። እስከ ዛሬ እሁድ እሁድ ቤት ትውላለች። እንግዲህ መዋሸቷን አቁማለችና መዝገባችሁን ብታስተካክሉ።

አንድ ትንሽ እንቅፋት ግን አለ። በእኛ በአኝዋኮች ጋብቻ የሚፈርሰው ለሙሽራዋ ቤተሰብ የተሰጠው የጋብቻ ዶቃ ሲመለስ ነው፤ የእናቴን ዶቃ ደግሞ ወንድሟ፣ አጎቴ፣ ያኔውኑ ለራሱ ሚስት ቤተሰብ ሰጥቶ አግብቶበታል። ስለዚህ እናቴ በወረቀት የተፈታች፣ በዶቃ ያገባች ሴት ናት። አጎቴም ዶቃውን መልስ እንዳልባል ብሎ ሰሞኑን በእኛ በር አያልፍም። የእናንተ ደብዳቤ ሁለት ትዳር ሊያፈርስ ምንም አልቀረውም፤ ለአንድ ፖስታ ትልቅ ሥራ ነው።

አራተኛ፤ ስለ እኔ። እናቴ ከተፈታች በኋላ አጓና እኔ እንደገና ተጠራን። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገርዎ፤ የእናቴ ዓይን ስለደከመ የመርፌውን መስመር አታይም። አባታችን ከሄደ ወዲህ መድኃኒቱን ልክ አድርጋ የምትቀዳውም የምትወጋውም አጓ ናት። ሁለታችን ከሄድን ማን ይወጋታል? ስለዚህ ሐኪሙ ለጠየቀኝ ሁሉ አዎ አልኩ። ሳል? አዎ። ልብ? ቀጥ ይላል። ኩላሊት? ሁለቱም። የአእምሮ መታወክስ አለብህ ወይ ሲለኝ፣ ይህን ማመልከቻ እስከ መጨረሻው ሞልቻለሁ አልኩት። ሐኪሙ ሳቀና ደሜን ቀዳ። ከእናንተ የመጣው መልስ ፍጹም ጤነኛ ነው ይላል። እናቴ ጤነኛ ነኝ ስትል ውሸታም፣ እኔ በሽተኛ ነኝ ስል ቀልደኛ ተባልን። በተወለድኩበት ከተማ ማንም ያላከበረኝን ሰው እናንተ ከእናቴ አስበልጣችሁ ስለመረጣችሁኝ ምን ብዬ እንደማመሰግን አላውቅም።

አምስተኛው ቅሬታ አይደለም፤ የጉዞ ዘገባ ነው። አጓ ባለፈው ሳምንት ሄዳለች። ጋምቤላ አውሮፕላን ማረፊያ ወረቀት የሚያየው ልጅ እናቴን የልጅቷ ምኗ እንደሆነች ጠየቃት፤ እናቷ ነኝ፣ ሚስትነቱን ነው የተውኩት አለችው። ልጁ ሻንጣውን ሁለት ጊዜ መዘነ። አጓ አላለቀሰችም። ስታስጠናኝ ነበር።

«መስመሩ አሥር ላይ ነው፣ አሥራ ሁለት ላይ እንዳይሆን። አየር ካለ በጣትህ ምታው። እጅህ ከተንቀጠቀጠ ቆይ። ደግሞ እየቀለድክ እንዳትወጋት።»

ይህን ብላ በአገርዎ የአየር ሁኔታ የማይረባ ስስ ሹራቧን ለብሳ ገባች። እናቴ አውሮፕላኑ ከተነሳም በኋላ አጥሩን ይዛ ቆማ ነበር፤ ዓይኗ እዚያ ድረስ እንደማያይ አውቃለሁ። ሄደ ወይ ብላ ጠየቀችኝ፤ ገና ነው አልኳት። ትንሽ ቆይታ እንደገና ጠየቀችኝ፤ ገና ነው አልኳት።

ለእኔ የሰጣችሁኝን ቪዛ በተመለከተ፣ በታላቅ አክብሮት መልሼላችኋለሁ። እናቴ በዚህ ተናዳብኛለች፤ አንተ ደንቆሮ፣ የእኔ መፈታት በከንቱ ሊቀር ነው ወይ ብላ ለሁለት ቀን አላናገረችኝም። በሦስተኛው ቀን ክንዷን ሰጠችኝ፣ ባጃጅ እንደምትነዳው አድርገህ እንዳትወጋኝ ብላ። እጄ ይንቀጠቀጣል። እቆያለሁ፤ እንደገና እሞክራለሁ። አንዳንድ ቀን እጄ ይከብድብኝና ይጠቁርባታል፤ እሷም ጠቁሮ የማይታይ ቆዳ ስላለኝ ታድለሃል ትለኛለች።

በመጨረሻም፣ አንድ ቤተሰብ አስገቡ ተብላችሁ አንዲት ልጅ ብቻ፣ ያውም ጤነኛዋን፣ ርካሿንና የምታለቅስባት እናት የሌላትን መርጣችሁ ስላስገባችሁ፣ የአገርዎን ግምጃ ቤት ከእናቴ ደም ስለጠበቃችሁ፣ በስኳር ብዛት ሳይሆን በወረቀት ብዛት ትዳር እንደሚፈርስ ስላስተማራችሁን፣ እጅ ነስቼ አመሰግናለሁ። ኩላሊትዎ ዘላለም ይሥራ፤ እግርዎ ከእርስዎ አይለይ፤ እርጅናም ሲመጣብዎ ዋጋዎን የሚደምር ሰው አይላክብዎ።

የመንግሥትዎን ወጪ ለመቀነስ ጋምቤላ የቀረው፣ በእናንተው ማህተም ፍጹም ጤነኛ የተባለው፣ ታዛዥ አገልጋይዎ
ፊልሞና ኡቻላ

ማሳሰቢያ፦ አባቴ በአገርዎ ምን እንደሚሠራ ሳልነግርዎ ረሳሁት። አዛውንቶች በሚጦሩበት ቤት ነው የሚያገለግለው፤ ጠዋት ጠዋት ስኳር ያለባቸውን እናቶች ጣት እየወጋ ይለካል፣ ኢንሱሊናቸውን ይሰጣል፣ እግራቸውን ያጥባል። ምናልባት እናትዎ እዚያ ካሉ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። እንዳይሰጉም ይንገሯቸው፤ የአባቴ እጅ ሲወጋ አያምም፤ የተለማመደው በእናቴ ክንድ ላይ ነው።