ገጽ ሰባት ላይ ያለው የአያታችን ሱቅ

ማርልሲ፣ እሑድ ኖቬምበር 6

ውድ ወንድሜ ጋሬት፣

ይህን ለማንም አልተናገርኩም፤ ለአንተም ልጻፈው አልጻፈው እያልኩ ሁለት ወረቀት ቀድጃለሁ። ለመሆኑ እንዴት ነህ? ጤናህስ? የኒውዚላንድ በጎች አላደከሙህም? እኛ ደህና ነን፤ የእማዬም ጉልበት ተሽሎታል።

ከእንግዲህ ተራ ከተማ አይደለንም፤ ማርልሲ «ሲቲ» የሚለውን ማዕረግ ከቤተ መንግሥት አገኘች። ከተማዋ ማዕረጉን ለመጠየቅ በላከችው ማመልከቻ ገጽ ሰባት ላይ አባባ ክላረንስ ሱቃቸው ደጃፍ ቆመው፣ የተቀቀለ የባሕር ቀንድ አውጣ በኮምጣጤ ሲሸጡ የሚያሳይ ፎቶ ነበረበት። ስለዚህ ማዕረጉን ያመጡት እሳቸው ይመስላቸዋል። ጎረቤታችን ዶሪን ከዓሣ መጥበሻዋ ሆና፣ «ካቴድራል የሌለው ሲቲ የት አለ?» ብላ ስትተርባቸው፣ «ካቴድራል ድሮ ቀረ፤ አሁን የሚታየው ገጽ ሰባት ነው» አሏት።

ሐሙስ ዕለት ማዕረጉ የተጻፈበት ብራና ከቤተ መንግሥት በመጡ እንግዶች ፊት ባሕሩ ዳር ተነበበ። አባባ ከረባት አስረው፣ ሳህን ሞልተው፣ እንግዶቹ መጥተው እንዲቀምሱላቸው ጠበቁ። እንግዶቹ በመኪና አለፉ። «ዝናቡ ነው» አሉ፣ ሳህኑን እየከደኑ።

ጋሬት፣ ያልነገርኳቸው ነገር አለ። ከሦስት ሳምንት በፊት አባባ ውኃ ሊቀዱ ሄደው ሳለ አንዲት የማዘጋጃ ቤት ሠራተኛ ፖስታ ሰጠችኝ። ባሕሩ ዳር ለአዲሱ ማዕረግ እንዲያምር ሱቁ ይነሣል፤ ቅሬታ ያለው እስከ አርብ ኖቬምበር 4 ያቅርብ ይላል። አባባ ሲመለሱ ያን ፎቶ በመስታወት አስገብተው በሩ ላይ መስቀል ጀመሩ። ምስማሩን እኔ ነበርኩ የማቀብላቸው። ፖስታውን ኪሴ ውስጥ ከተትኩት። ብራናው እስኪነበብ ይደሰቱ እያልኩ የመጨረሻው ቀን ደረሰ።

አርብ ከሰዓት ብቻዬን ማዘጋጃ ቤት ሄድኩ። ተራዬ ሲደርስ ጸሐፊዋ «ምን ልርዳሽ የኔ ቆንጆ?» አለችኝ። መጸዳጃ ቤቱ የት እንደሆነ ጠይቄ ወጣሁ። በሩ ከኋላዬ ሲቆለፍ ሰማሁት። ባወራ ሱቁ ይተርፍ እንደነበር አላውቅም፤ አሁን ማንም አያውቅም።

እማዬ ትስምሃለች። ዶሪን፣ ኩላሊትህን ብርድ እንዳይመታው ጠንቀቅ በል ብላሃለች። አባባ ገጽ ሰባትን አስባዝተው ከዚህ ጋር ልከውልሃል፤ እዚያ ላሉ ሰዎች አሳያቸው ብለዋል።

ነገ ጠዋት፣ ሱቁን ከመክፈታቸው በፊት፣ ፖስታውን በእጃቸው እሰጣቸዋለሁ። አንብበው እስኪጨርሱም ከአጠገባቸው አልሸሽም።

እህትህ ታምሲን