አሥራ ሦስተኛው በግ የሦስት ቀን ፈቃድ ስለመጠየቁ

ግንቦት 12 ቀን 1980 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጓድ ወልደአረጋይ፣
የነጭ መስክ የበግ ምርምር ጣቢያ ኃላፊ፣
ጣርማ በር

ውድ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? የጣርማ በር ብርድ የቢሮዎን ደጃፍ አልፎ እንዳይገባ ከልብ እመኛለሁ። እኔ በጎቹን የምቀልበው አብዱልጀሊል ረሺድ ነኝ፤ ምናልባት በስሜ ካላወቁኝ በቁጥሬ ያውቁኛል።

ከውጭ የመጣው ኮምፒውተር ጣሪያው ላይ በተተከለው ካሜራ እያየ የአሥራ ሁለቱን ነጫጭ የሙከራ በጎች እርምጃ እንዲመዘግብ ማድረግዎ የሚያስመሰግን ነው። ነጭ ሆኖ የተንቀሳቀሰውን ሁሉ በግ ስለሚል፣ የሥራ ጋውኔን አይቶ እኔን አሥራ ሦስተኛ አድርጎ መዘገበኝ። እርስዎም መሣሪያ አይሳሳትም ብለው ስላጸደቁልኝ ምስጋናዬ ይድረስዎ። ቅሬታዎቼ እነሆ፦

1ኛ. አሊዩ አምባ ያለችው እናቴ ኡሙሀኒ በጠና ታማ እንደምትፈልገኝ ተልኮብኝ የሦስት ቀን ፈቃድ ጠየቅሁ። ሙከራው እስኪያልቅ የተመዘገበ እንስሳ ከግቢ አይወጣም ብለው መለሱልኝ። ሦስት ጊዜ አመለከትኩ፤ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነ።

2ኛ. ጋውኑን አውልቄ በጥቁር ሹራብ ብገባ ኮምፒውተሩ ቁጥር 13 ጠፋ ብሎ ጻፈ። ጥበቃዎቹ እኔኑ አስከትለው ግማሽ ቀን እኔን ሲፈልጉ ዋሉ፤ በማግሥቱም ጋውኑን እንዳላወልቅ በደብዳቤ ታዘዝኩ።

3ኛ. በግ ቁጥር 7 ሲያስለው መኪና ተነሥቶለት በአንድ ሰዓት ውስጥ ደብረ ብርሃን ሐኪም ዘንድ ደረሰ። እንስሳ አይወጣም የሚለው ደንብ ለካ በጎችን አይመለከትም።

ጓድ ኃላፊ፣ ከዚህ ገደሉን ብወርድ ቤታችን የአንድ ቀን መንገድ ነው። ጭስ የሚታየኝ መንደር ውስጥ ሰው እየጠበቀኝ አጥር ይዤ መቆም መሮኛል። እናቴን ሳላያት እንዳትሞትብኝ ፈርቻለሁ።

የምቆመው በሁለት እግሬ መሆኑን በታላቅ ትሕትና እያስታወስኩ፣ ከሰው ለመቆጠር ገና ተስፋ ያልቆረጥኩት፣

አብዱልጀሊል ረሺድ

ማሳሰቢያ፦ ይህን ደብዳቤ ሠራተኛው ሁሉ እንዲያነበው በጣቢያው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ሳልለጥፈው መርዶ መጣ። እናቴ ሰኞ ጠዋት አርፋ በዚያው ቀን ተቀብራለች፤ አፈር አላለበስኳትም። ቀኑን ሙሉ በረቱ ውስጥ ተቀምጬ ዋልኩ። ቁጥር 13 እንዳልተንቀሳቀሰና ምግብ እንዳልቀመሰ ኮምፒውተሩ ስለነገረዎ፣ የእንስሳት ሐኪሙን ወዲያው በመኪና ስለላኩልኝ አላህ ይስጥልኝ። ሐኪሙ ሙቀቴን ለክቶ፣ ጤነኛ ነው፣ በሙከራው ይቀጥል ብሎ ፈርሟል።