የምስጋናው አረቄ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 15፣ ፍኖተ ሰላም

ዛሬስ አንጀቴ አሯል። ከመጠጥ እንዲላቀቅ የማማክረው፣ ከቡሬ የሚመላለሰው ልጅ፣ ይበልጣል፣ ከመስቀል ወዲህ አረቄ አልቀመሰም ነበር። ዛሬ ግን ገና በር ላይ ሳለ ሸተተኝ። ግማሹ የጎደለ ጠርሙስ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦ አቀረቀረ።

«እማ ናት የላከችልዎ። ‹ልጄን ከመጠጥ ላወጡልኝ፣ የእጄን ይቅመሱልኝ› ብላ ነው።»

ይህን ልጅ አረቄ ያስይዙታል? ያውም ለእኔ! ልቆጣ ደወልሁላቸው። እናትዬዋ ቀደሙኝ፦

«ደረሰልዎ? እስከ አፉ ነው የሞላሁት። ድሮ ቢሆን እሱን አላስይዘውም ነበር፤ አሁንማ ዕድሜ ለእርስዎ፣ አምኜ ላክሁት።»

ይበልጣል ፊቴ ቆሞ ዓይን ዓይኔን ያያል።

«ደርሶኛል፣ እግዜር ይስጥልኝ» አልሁ።

«እንግዲያው ለገናም በእሱው እልካለሁ።»