ጠበል የጫነችው መኪና

ሰኞ፣ ግንቦት 4
ሙቀት። ከክፍል ስወጣ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተጣብቋል።
ጋሽ በቀለ የሚሸጧትን ያገለገለች ትንሽ ጂፕ አየሁ። አንድም ቀን ጋራዥ ገብታ አታውቅም ይላሉ። የሸዋ ሮቢት ሻጭ ሁሉ እንዲህ ይላል... ጋራዦቹ ታዲያ የማንን መኪና ነው የሚሠሩት?
ባለቤቴ ማህደር የስድስት ወር እርጉዝ ናት። በየሁለት ሳምንቱ ደብረ ብርሃን ሐኪም ጋ መሄድ አለባት፤ ከሚኒባስ ስትወርድ ወገቧን ይዛ ነው። መኪና የግድ ነው። ግን እኔን አያታልሉኝም። የፊዚክስ መምህር ነኝ።

ረቡዕ፣ ግንቦት 6
ማህደር ልያት ብላ አብራኝ ሄደች። የመኪና ነገር ምን ታውቃለች? ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቦ ጎማ በእርግጫ ይመታል። ጎማ መትቶ ሞተር የሚያውቅ ሰፈር!
የኋላውን በር ስከፍት ትልቅ ቢጫ ጀሪካን።
"ጠበል ነው" አሉ ጋሽ በቀለ ቶሎ ብለው።
አማተብኩ። ትንሽ ቢሰጡኝ አልኩ። ለመንገድ በረከት የተያዘ ነው ብለው ተንተባተቡ። ስስታም! በረከት ይሰሰታል? ራሴ ቀድቼ ፊቴን ታጠብኩ፣ ሁለቴም ተጎነጨሁ። ማህደር አሽትታ መለሰችው። ዝገት ዝገት ይላል አለችኝ በጆሮዬ። እምነት የሌላት...
ወደ አጣዬ ሜዳ ሜዳውን ነዳናት። ትበራለች።

ሐሙስ፣ ግንቦት 7
ማህደር ዳገት ላይ ትሞከር ትላለች። ሳቅኩባት። መኪናዋን ያየልኝ መካኒኩ ዩኑስም ያንኑ አለ። እሱ ሲለው ልክ መሰለኝ። ጀሪካኑን አይተኸዋል ወይ አልኩት። "የእናንተን ጠበል እኔ ምን ብዬ እነካለሁ፣ መምህር?"

ቅዳሜ፣ ግንቦት 9
ከዩኑስና ከጋሽ በቀለ ጋር በደብረ ብርሃን መንገድ ወደ ደብረ ሲና። ዳገቱ ሳይጋመስ የሙቀት መለኪያው ቀዩ ላይ ወጣ። እንፋሎት... ጋሽ በቀለ እስክትበርድ ጠብቀው፣ ጀሪካኑን አምጥተው ራዲያተሩ ውስጥ ገለበጡት። እጃቸው ለምዶታል።
"ጋሼ፣ ሞተርም ይጠመቃል እንዴ?" አልኩ።
"እሷም የእግዜር ፍጥረት ናት፣ ልጄ።"
ዩኑስ ፊቱን ወደ ገደሉ አዙሯል፤ ትከሻው በሳቅ ይንቀጠቀጣል። አቤት የጋሽ በቀለ ድፍረት! እኔስ? የራዲያተር ውሃ ጠጥቼ አሜን ያልኩ... ሙቀት የማስተምር ሰውዬ!

እሑድ፣ ግንቦት 10
የሆነውን ልደብቃት ነበር። አልቻልኩም። ማህደር አልሳቀችም። "ብንገዛት ኖሮ እዚያ ዳገት ላይ የምቆመው እኔ ነበርኩ።" ብትስቅብኝ ይሻለኝ ነበር። አፈርኩ።

እሑድ፣ ግንቦት 17
ዩኑስ ሌላ ጂፕ አገኘ። ባለቤቷ፣ አንድም ቀን ጋራዥ ገብታ... ብሎ ሲጀምር ማህደር የኋላውን በር ከፍታ ጎንበስ አለች። አሸተተች። ከዚያ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጠች።
"ወደ ዳገቱ" አለችው ሻጩን።
እኔ ቦርሳዋን ይዤ ከኋላ ገባሁ።