ሕፃኗን ከጀርባዬ የነጠቀችኝ ልጅህ

ነጠቀችኝ! ሲሳዬ፣ ልጅህ ዝናሽ ሕፃኗን ከጀርባዬ ላይ ነጥቃኝ ሄደች! ትናንት ረፋዱ ላይ ማሽላ ላሰጣ ጎንበስ ባልኩበት ከኋላዬ መጣችና የአንቀልባውን ጠፍር ፈታችው። «አምጪ እስቲ! ልጄን እኮ አንቺን ብቻ አስለመድሻት!» ብላ ተቆጣችኝ። ተቆጣችኝ ስልህ! እኔማ እዚያው ስጡ አጠገብ ቁጭ ብዬ፣ ሳለቅስ ስስቅ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ሰው የሞተብን መስሎት ነጠላውን እያዘቀዘቀ መጣ።

ይኸው፣ እንደምን አለህ እንኳ ሳልልህ ወሬዬን ዘረገፍኩት። እንደምን አለህ፣ የልጆቼ አባት? ያንን ወባ ከዋግ ቆላ፣ ከዝቋላ ገበያ ይዘህ መጥተህ በሞት ከተለየኸን ለመጪው የካቲት አምስት ዓመት ይሞላል። ያልጻፍኩልህ ረስቼህ አይደለም። ዓመት ከሁለት ወር ሙሉ በቤታችን የነበረውን ነገር ለአንተ መንገር ከብዶኝ ነው። አሁን ግን መጨረሻውን ስላየሁ ከመጀመሪያው ልንገርህ።

ቤቱ ደህና ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ ሆኗል፤ ዝናብ ሲጥል መነጋገር አይቻልም፤ ለእኔ ይህ ምን ዓይነት ቅጣት እንደሆነ አንተ ታውቀዋለህ። እኔን የቀበሌው ሴቶች ማኅበር ጸሐፊ አድርገው መርጠውኛል፤ አሥራ አንደኛ ክፍል መድረሴ ይኸው ለቃለ ጉባኤ ዋለ። ዝናሽ መምህር ደሳለኝን አገባች። አንተ ብታየው ትወደው ነበር፤ ዝምተኛ ነው፣ ቤቱ ውስጥ የሚያወራ ሰው እንደሞላ ገብቶታል። አምና በጥቅምት ሴት ልጅ ወለደችለት። ምሕረት አልናት።

ከወለደች በኋላ ግን ዝናሽን አጣናት። አራስ ቤት ተኝታለች፣ ዓይኗም ይገለጣል፤ እሷ ግን የለችም። ሕፃኗ ስታለቅስ ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች። በስሟ አትጠራትም፤ «ያቺ ልጅ አለቀሰች» ትላለች፣ እንደ ጎረቤት ልጅ። ጡቷ ደረቀ፤ ምሕረትን በፍየል ወተት አሳደግኳት። በበጋ ፀሐይ ጋቢ ደርባ ትንቀጠቀጣለች፣ ፀጉሯ በማበጠሪያው ላይ ይቀራል፣ ያ እንደ ደወል የነበረ ድምፅዋ ጎረነነ። በሰማንያ ቀኗ ምሕረት ክርስትና ስትነሣ እናቷ ከአልጋ አልወረደችም። ድግሱም ቀረ፤ ለቀስተኛ እንጂ ደጋሽ አንመስልም ነበር።

ሰው ምን ያላለው አለ? «አራስ ሳለች ብቻዋን ተትታ ነው፣ ክፋቷ ነው፣ ባሏን ጠልታ ነው»። አንዷማ መጥታ «ዛር ነው፣ ጠይቁት» አለችን። ያኔ ጨርቅ ነጋዴዋ ዘሃራ፣ ያቺ ጎረቤታችን፣ ምን ብትል ጥሩ ነው? «ዛር ቢሆንማ ሽቶ ይጠይቅ ነበር፣ ቀለበት ይጠይቅ ነበር! ይቺ ልጅ ውኃ እንኳ አልጠየቀችም። ወርቄ፣ እቴ፣ ወደ ሐኪም ውሰጃት።» በዚያ ሁሉ መከራ መሃል ሳቅኩ።

እኔ ግን ልጄን ክፉ ናት ብዬ አላውቅም። ይህን ያስተማርከኝ አንተ ነህ። ዝናሽን የወለድኩ ጊዜ ለሁለት ወር ያህል ያለ ምክንያት ሳለቅስ ምን እንዳደረግህ ታስታውሳለህ? «ምን ጎደለብሽ» አላልከኝም። ሕፃኗን በአንቀልባ አዝለህ ሰቆጣ ገበያ መሃል ስፌት መኪናህ ላይ ተቀመጥክ። ወንድ ልጅ፣ ያውም አንቀልባ! ገበያተኛው «ሲሳይ፣ ወለድክ እንዴ?» ሲልህ «አዎን፣ እንኳን ማርያም ማረችህ በሉኝ እንጂ!» አልካቸው አሉ። ፔዳሉን በረገጥክ ቁጥር ልጅቷ ትተኛ ነበር። የእኔው በራሱ ጊዜ ለቀቀኝ፤ አንተ ግን እስኪለቀኝ ድረስ ሳትሰለች ጠበቅኸኝ። እንግዲህ ለልጅህ ያንኑ ብድር አልከፍልም? አዘልኳት፤ ጠበቅኩ። የዝናሽ ግን አልለቅ አለ።

ጠበል ወሰድናት። የንስሐ አባታችን «ጠበሉንም ያዙ፣ ሐኪሙንም አትተዉ፤ ሁለቱም ከእግዚአብሔር ናቸው» አሉን። በግንቦት ደሴ ልወስዳት የይለፍ ወረቀት ልጠይቅ ቀበሌ ሄድኩ። ሊቀመንበሩ «ምክንያት?» አለኝ። «ሐዘን» አልኩት። «ጓድ ወርቄ፣ ሐዘን ለይለፍ ምክንያት አይሆንም፤ በሽታ ብለሽ ጻፊ» አለኝ። ለካ ከሁላችንም ቀድሞ በሽታዋን ያወቀ እሱ ነው! የዘሃራ ወንድም በጭነት መኪናው በኮረም በኩል ወልድያ አደረሰን፣ ከዚያ በአውቶቡስ ደሴ ገባን።

ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። እኔ አፌን ስከፍት «እናቴ፣ እርስዎ ትንሽ ይታገሡኝ፤ ከእሷ ልስማ» አለችኝ። ስንት ሰዓት መሰለህ የታገሥኩት! ዝናሽ በዚያ በጎረነነ ድምፅዋ «ልጄን ማቀፍ አቃተኝ» አለች። ይህን ለማንም ብላ አታውቅም። ሐኪሟ እጇን ያዘቻት፤ ከዚያ አንገቷን ዳሰሰች፣ ይኸ እንቅርት የሚወጣበት ቦታ የለም? እዚያ። እዚያ ያለችው ዕጢ ሆርሞን የሚባል ነገር ታመነጫለች አለችን፤ ሰውነትን የሚያሞቀው፣ ልብንም የሚያነቃው እሱ ነው። አንዳንድ ሴት ከወሊድ በኋላ ዕጢዋ ትደክማለች፤ ሆርሞኑ ሲጎድል ሰው ይበርደዋል፣ ይፈዛል፣ ሐዘን ይጫነዋል። ደሟን ወደ አዲስ አበባ ላከችው። «የአራስ ሐዘን ሁሉ በዚህ መድኃኒት አይድንም፤ ሌላ ምክንያትም አለው። ለዚህ ነው ሳልመረምር የማልሰጣት» አለችኝ። ውጤቱ እስኪመጣ ደሴ ዘመድ ቤት ሦስት ሳምንት ጠበቅን። እንዳለችው ሆነ። ትንንሽ ነጫጭ ክኒኖች ሰጠችን፤ በየቀኑ አንድ፣ ጧት በባዶ ሆድ።

በነሐሴ ዝናሽ ጋቢውን ጣለች። ማበጠሪያ አምጡልኝ አለች። ለደሳለኝ ወጥ ሠርታ ጨው አበዛችበት፤ እሱ ግን ድስቱን ጠርጎ በላው።

አሁን የእኔን ጥፋት ልንገርህ፤ ካንተ የምደብቀው የለኝም። እኛ የዋግ ሰዎች የተረፈንን ሁሉ ለክፉ ቀን እናስቀራለን፤ ዘር አይበላም ብለን አይደል ያደግነው? እኔም ልጅቱ ዳነች ብዬ፣ ለሚቀጥለው ወሊዷ እንዲሆናት፣ በመስከረም ክኒኑን አንድ ቀን እየዘለልኩ በጠርሙስ ማጠራቀም ጀመርኩ። አሥራ አንደኛ ክፍል የደረስኩት እኔ! በጥቅምት ጋቢው ተመልሶ ወጣ። ደግሞ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ደሳለኝ ጠርሙሱን ሞሰብ ሥር አገኘና «እማማ፣ ይህን ደግሞ በየትኛው ማሳ ሊዘሩት ነው?» አለኝ። ዝምተኛው ሰው! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ለሐኪሟ ጽፈንላት በላከችልን መልስ ይህ መድኃኒት የሚጠራቀም አይደለም፣ ሰውነቷ የዕለቱን በዕለቱ ይፈልገዋል አለችን። ከዚያ ወዲህ ጧት ጧት ክኒኑን የሚሰጣት ደሳለኝ ነው፤ እኔ ከዚያ ሥልጣን ተሽሬያለሁ።

በዚህ ሁሉ ላይ ነው የትናንቱ የመጣው። ቤት ስገባ ምሕረትን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ፣ አንተ በኽምጣኛ ታንጎራጉርላት የነበረውን እሹሩሩ ስትልላት ደረስኩ። በስሟም ጠራቻት፤ ምሕረት፣ ምሕረትዬ፣ እያለች። በሩ ላይ ቆሜ ሳልናገር ሰማሁ። አዎ፣ ሳልናገር።

ሲሳዬ፣ አመሰግንሃለሁ። ያኔ ባትጠብቀኝ ኖሮ ልጄን መጠበቅ ከማን እማር ነበር? እኔ በሕይወት እስካለሁ አልረሳህም፤ ምሕረትም እንዳትረሳህ ከነፍስ አባታችን ስም ቀጥላ የምታውቀው ያንተን ስም ይሆናል። እናቷን ገበያ መሃል ያዘለ ወንድ እንደነበረ እነግራታለሁ፤ መናገር መቼም አያቅተኝም።

የቀረውን የክርስትና ድግስ ልንደግስ ነው። ዘሃራና ዘመዶቿ ለብቻቸው ፍየል ይታረድላቸዋል፣ በራሳቸው ሰው እጅ። ሊቀመንበሩ ይምጣ፣ ያለ ይለፍ ወረቀት። ዛር ነው ያለችውም ትምጣ፣ ቂም የለንም። የፃግብጂ እህቶችህ ከነልጆቻቸው ይምጡ። ሐኪሟንም በደብዳቤ እንጠራታለን። ዛሬ ጧት ደሳለኝ «መቼ እናድርገው?» ሲል እኔ አፌን ሳልከፍት ዝናሽ ቀደመችኝ፤ የገናው ጾም ከተፈታ በኋላ፣ ለአስተርእዮ ማርያም፣ ማንም እንዳይቀር ብላ ቀኑን ራሷ ቆረጠችው፦ ጥር ሃያ አንድ።