ያላደረስኩልሽ ቃል

ውድ ደሚያና፣

ወሩ መስራ፣ ቀኑ አራት ነበር፤ የእመቤታችን ጾም በገባ በአራተኛው ቀን። ነፋስ የሚባል ነገር አልነበረም፤ የሸንኮራው ቅጠል እንኳን ቀጥ ብሎ ቆሞ ነበር። በግቢው ውስጥ ሦስት ነበርን፤ አንቺ፣ ባልሽ ወዲዕና እኔ። ያበጡ እግሮችሽን ሳፋ ውሃ ውስጥ ነክረሻል። ወዲዕ የተጠበሰ ዓሣ በወረቀት ጠቅልሎ መጣ።

«እዚህ ቤት ሁለት መነኮሳት አሉ። እኔ ምስኪኑ ብቻዬን ልብላ?»

«ብላ፤ ዓሣው ራሱ ካንተ የተሻለ ይጾማል» አልሽው።

ሳቅን። ከዚያ ወደ እኔ ዞረሽ፣ «እትዬ፣ አባ ባስንቲ ምን አሉሽ?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። ከቤተ ክርስቲያን መመለሴ ነበር።

«እግዚአብሔር ያበርታት ብለዋል» አልኩሽ።

አላሉም፣ ደሚያና። እንዲህ ነው ያሉት፤ በሩ ላይ አስቁመውኝ፣ «ፌብሮኒያ፣ ለእህትሽ ንገሪያት። ከዛሬ ጀምሮ ወተት ትጠጣ፣ እንቁላል ትብላ። ስእለቱን ፈትቼላታለሁ። ምክር አይደለም፣ ትእዛዝ ነው።» እኔም «እሺ አባቴ» ብዬ እጃቸውን ሳምኩ።

መንገድ ላይ ፍርሃት ያዘኝ። አሥራ አራት ዓመት ልጅ ስትለምኚ ኖረሻል። ባለፈው ዓመት በእመቤታችን ሥዕል ፊት ስትሳዪ አጠገብሽ ቆሜ ነበር። «ልጅ ስጪኝ እንጂ፣ ጾምሽን ያለ ዘይት በዳቦ፣ በጨውና በውሃ እጾማለሁ» አልሽ። ሰጠችሽ። ስእለቱ ሲፈታ የተሰጠውስ ቢወሰድ? አባ በቃላቸው ይፈቱታል፤ እሷ ብትቀየምስ? ይህን እያሰብኩ ቤት ደረስኩ።

ሌላም ነገር አለ። እኔ ይህን ጾም በውሃና በጨው ስጾም ሃያ ሁለት ዓመት ሆነኝ። አንድም ቀን «ይብቃሽ» ያለኝ የለም። አባ ስላንቺ እንደዚያ ሲራሩ ውስጤ የሆነ ነገር ቆንጠጥ አደረገኝ። ፊደል የለመድኩት ስኳር ከተጠቀለለበት ወረቀት ነው፤ እንዲህ ላለው ስሜት ስም እዚያ ላይ አላገኘሁም።

ትናንት፣ በአሥረኛው ቀን፣ ጣሪያው ላይ ለወጥ የሚሆን የሙሉኪያ ቅጠል ልታሰጪ ወጣሽ። ሳፋው ሲወድቅ ሰማሁ። ስደርስ ከንፈርሽ ነጭ ሆኖ ተዘርረሻል። ወዲዕ በባጃጁ እስከ ሚንያ ሆስፒታል ጥሩምባውን ሳይለቅ ነዳ።

ሐኪሙ እኔን ነው የጠየቀኝ። «ምን ስትበላ ነበር?»

«ዳቦ፣ ጨውና ውሃ።»

«በሰባት ወሯ?» ካርድሽን አነሳ። «የልጁ ልብ ይመታል፤ ግን ደካማ ነው። በመርፌ የምንሰጣት ብቻውን አይበቃም። ካልበላች ሁለቱንም ልናጣ እንችላለን።»

ነርሷ ወተት አመጣችልሽ። ፊትሽን ወደ ግድግዳው አዞርሽ። «አባ ያበርታት ብለዋል። የቀረኝ አምስት ቀን ነው።»

ወዲዕ ለመነሽ። «ደሚያና፣ ኃጢአቱ በእኔ ይሁን፣ ጠጪ!»

«አንተ የራስህን መች ቻልከው?» አልሽው፤ በዚያ በደከመ ድምፅሽ እንኳን። ከዚያ ወደ እኔ አየሽ። «እትዬ፣ ንገሪያቸው እንጂ። የሰማሽው አንቺ ነሽ።»

ልብስ ላምጣልሽ ብዬ ሸሸሁ።

አባን በስልክ ፈለግኳቸው። ከተሳላሚዎች ጋር ወደ እመቤታችን ገዳም፣ ድሮንካ ተራራ ወጥተዋል፤ ስልካቸው አይጠራም። ያን ጊዜ አንድ ሐሳብ መጣልኝ፤ «አሁን ደወሉ፣ ፈቀዱልሽ» ብልሽስ? ትጠጫለሽ፤ እኔም ደግ እህትሽ እንደሆንኩ እቀራለሁ። ግን ደግሜ ብዋሽሽ ደግመሽ ታምኚኛለሽ። እኔን ማመንሽ የት እንዳደረሰሽ አየሁ። ፊትሽን ካየሁ ደግሞ አፌ መዋሸቱ አይቀርም። ስለዚህ እጽፍልሻለሁ።

ዛሬ ጠዋት ያደረግኩት ይህ ነው። ፀሐይ ስትወጣ ጎሽ ከምታረባው ጎረቤታችን ከኡም ሚና ዘንድ ወተት ገዛሁ። አፈላሁት። ገንፍሎ ጥቂቱ እሳቱ ላይ ፈሰሰ። ከዚያ አንድ ብርጭቆ ለራሴ ቀዳሁ። ቁጣ ካለ መጀመሪያ እኔን ያግኘኝ አልኩ። ቆሜ ጠጣሁት። ጣፈጠኝ፤ በመጣፈጡም አፈርኩ። ደጃፉ ላይ ተቀምጬ የሚመጣውን ጠበቅኩ። የመጣ ነገር የለም። የቀረውን በጠርሙስ ሞልቼ በሻሽሽ ጠቀለልኩትና ከወዲዕ ጋር ባጃጁ ላይ ወጣሁ።

አሁን ከሆስፒታሉ ደረጃ ሥር ተቀምጫለሁ። ወተቱንና ይህን ወረቀት ወዲዕ ያመጣልሻል። ምን እንደጻፍኩ አያውቅም።

ከጠጣሁ ሁለት ሰዓት ሆነኝ። ልቤ ይደልቃል፤ ያ ግን ከፍርሃት ነው። ሌላ ምንም አልሆንኩም።

አባ ባስንቲ ፈትተውሻል። ጠጪ። ከጠጣሽ በኋላ፣ ፊቴን ማየት ካልፈለግሽ «አትምጪብኝ» ብለሽ በወዲዕ ላኪብኝ፤ እሄዳለሁ።

እህትሽ ፌብሮኒያ