ገና ያልደረቁት ዶቃዎች

አምሳሉ፣

መስኮቱ ላይ ያሉት የጭቃ ዶቃዎች ገና አልደረቁም። ፀሐይ ላይ እንዳታወጣቸው፣ ይሰነጠቃሉ። ሲደርቁ ፍም ውስጥ ቀብረህ አብስላቸውና ለእህትህ ለታቢታ ስጥልኝ። ጭቃውን የሐይቁ ጉማሬ ነው በአፉ አምጥቶ የሰጠኝ በላት። እሷ ታምነኛለች።

ባለፈው ከዚሁ ጭቃ የቀበሌ ማህተም ቀርጬ በስምህ የውትድርና ጥሪ ስጽፍብህ፣ ሻሸመኔ ሄደህ ሦስት ቀን ተደበቅህ። እኔ እዚህ ብቻዬን ስስቅ ነበር።

ዛሬ ጠዋት እውነተኛው መጣ፣ በእኔ ስም። ሰዎቹ በር ላይ ቆመው ይጠብቁኛል። አንዱን «ጋሼ፣ ማህተሙ የጭቃ እንዳይሆን?» አልኩት። አልሳቀም። እኔም አልሳቅሁም፣ አልፈራሁም፣ ምንም አልተሰማኝም።

ይሄኛው ቀልድ አይደለም።

ሽበሺ ማታ ይመጣል ብለህ በሩን ገርበብ አታድርግ። ቆልፈህ ተኛ።

ሽበሺ